እግዚአብሔርን ደጅ መጥናት፦ ልመናው ለዘገየበት ሰው የቀረበ መመሪያ

ትዳር የዘገየባት እኅት፣ ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ዓመታት የወሰደበት ስደተኛ፣ ሁሉም "ታገሥ፣ ጊዜ አለው" የሚል ምክር በየዕለቱ ይሰማሉ። ምክሩ እውነት ነው፤ "ከሰማይ በታችም ለሆነ ነገር ሁሉ ጊዜ አለው" ተብሎ ተጽፏል። የሚቸግረው ግን ከሰኞ እስከ እሑድ ምን እየተደረገ እንደሚጠበቅ የሚያሳይ ሰው ማጣት ነው። ይህ መመሪያ አንድ የተወሰነ ልመና ይዞ ለሚጠብቅ ምእመን የተዘጋጀ ነው። የጸሎቱና የሱባኤው ክፍል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ሥርዓት ይከተላል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣው ለማንኛውም ክርስቲያን ያገለግላል።

ብዙ ሰው በጥበቃ የሚዝለው የራሱን ድርሻ ከእግዚአብሔር ድርሻ ጋር ስለሚቀላቅል ነው። በእጁ ያለውን ትቶ ይጸልያል፤ ለእግዚአብሔር መተው የነበረበትን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ ያድራል። ከታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ይህ ቅልቅል ሲለይ ነው።

ልመናውን በወረቀት አውጡት

አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ ልመናችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። "ሕይወቴ ይስተካከል" ተብሎ የተለመነ ልመና ለመጠበቅ አይመችም፤ መልሱ ቢመጣ እንኳ መምጣቱ አይታወቅም። "በተማርኩበት ሙያ ሥራ እንዳገኝ"፣ "ልጅ እንድንወልድ" ብላችሁ ቁርጥ አድርጉት። ከሥሩ ገጹን ለሦስት ክፈሉ፦ የእኔ ሥራ፣ የሌላ ሰው ሥራ፣ የእግዚአብሔር ብቻ የሆነ።

ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስትን እንውሰድ። በመጀመሪያው ክፍል ሐኪም ዘንድ መሄድ ይጻፋል። ሚስት ከ35 ዓመት በታች ከሆነች አንድ ዓመት ሞክረው ፅንስ ካልመጣ፣ 35 ከሞላት ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ መመርመር ይገባቸዋል፤ ሁለቱም። በብዙ ቤት ሚስት ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት ባል አንድ ቀን ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ። ይህን ትዕግሥት ማለት ልክ አይደለም፤ ያልተሠራ ሥራ ነው። በሁለተኛው ክፍል የሐኪሙ ውጤትና የቤተሰብ ጠባይ ይገባል። እነዚህን መጠየቅና ማስታወስ እንጂ ማስገደድ አትችሉም። በሦስተኛው ክፍል ፅንሱ መቼ እንደሚሆን፣ መሆኑና አለመሆኑ ይቀመጣል። በዚህኛው ላይ ከጸሎት በቀር ምንም አይሠራም።

እግረ መንገድ፦ ጠበልና ሕክምና አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር ሐኪምን እንደ ፈጠረና መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ይናገራል። "ጠበል ጀምረሃልና መድኃኒትህን ተው" የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትስሙት። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወት ያስከፍላል።

ወረቀቱን ስትጨርሱ የመጀመሪያውን ክፍል በቀን ቍረጡት፦ "እስከ ዓርብ ሦስት ማመልከቻ"፣ "በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ መያዝ"። ለሦስተኛው ክፍል ግን ምንም ቀን አትጻፉ። "እስከ ፋሲካ ካላደረገልኝ" የሚለው ሐሳብ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ቀኑን የቆረጣችሁት እናንተ ሆናችሁ ሳለ፣ ቀኑ ሲያልፍ እግዚአብሔር ቃሉን የበላ ይመስላችኋል።

የዕለት ሥርዓት

ጸሎታችሁ ስለዚያ ልመና ብቻ ከሆነ ልመናው በዘገየ ቍጥር ጸሎቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መልስ መጣም ቀረም የማይታጐል ሥርዓት ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት የተባሉ ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ሥራና ቤተሰብ ያለበት ጀማሪ ሰባቱንም አንድ ላይ ከያዘ ብዙም ሳይቆይ ሰባቱንም ይተዋል። በነግህና በንዋም ጀምሩ፤ ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታ 10። ጠዋት አባታችን ሆይ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያምና ከዳዊት። ማታ አባታችን ሆይ፣ አንድ መዝሙር፣ የዋላችሁበትን መመርመር፣ ከዚያ ልመናችሁን በወረቀቱ ላይ እንዳለው በአንድ ዐረፍተ ነገር። አንዴ ከተናገራችሁ በኋላ ጸሎቱን ዝጉና ተኙ። ልመናውን አልጋ ላይ ይዞ ማውጠንጠን ጸሎት መስሎ የሚመጣ ጭንቀት ነው።

መዝሙረ ዳዊት ዐሥር ዐሥሩ አንድ ንጉሥ እየተባለ በ15 ንጉሥ ይከፈላል። የተለመደው የሳምንት አደጋገም ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ጀማሪ በቀን ሦስት መዝሙር ይያዝ፤ በ50 ቀን ዳዊትን ይደግማል። ሲለምደው ወደ አንድ ንጉሥ ከፍ ይበል፤ በ15 ቀን ይጨርሳል።

ለክፉ ቀን የሚሆኑ መዝሙሮችን ለይታችሁ ያዙ። ልብ ሲዝል 12፣ ፍርሃት ሲመጣ 26፣ የሌላው መሳካት ሲያቃጥል 36 እና 72፣ ጥበቃው ሲረዝም 39 እና 129። ቍጥሩ በእኛ ዳዊት ነው፤ በዕብራይስጡ አቈጣጠር በታተመ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ እየጨመራችሁ ፈልጉ።

መዝሙር 12 ላይ ቆም ማለት ይገባል። አጭር ነው፤ "እስከ መቼ" እያለ ደጋግሞ ይጮኻል፤ በመጨረሻው ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ይታመናል። ብዙ ምእመናን ትዕግሥትን ከዝምታ ጋር አንድ ያደርጉና ሐዘናቸውን ከእግዚአብሔር ይደብቃሉ። የደበቁት ሐዘን ደግሞ ውሎ አድሮ በባል፣ በሚስት፣ በልጆች ላይ ይወጣል። ዳዊት ብሶቱን ለራሱ ለእግዚአብሔር ተናገረ፤ "ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት" ያለውም ይኸው ሰው ነው። ልባችሁ ሲከብድ "ደህና ነኝ" ብላችሁ አትጸልዩ። መዝሙር 12ን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ቁጣችሁንም በእርሱ ቃል ተናገሩት።

ትልቁ ትዕግሥት የሚለመደው ደግሞ በትንሹ ነው። በታክሲ ሰልፍ፣ በባንክ ወረፋ፣ ኔትወርክ በጠፋበት ቢሮ ስልክ ከማውጣት ይልቅ በመቍጠሪያ 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በሉ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በወረፋ መካከል የማይነጫነጭ አፍ ያለው ሰው በዓመታት ጥበቃም የተሻለ አቅም ይኖረዋል።

ኑሮን አታቁሙ

ኤርምያስ 29፥11 በየሳሎኑ ተሰቅሏል፤ "ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ" የሚለው። ከላዩ ያለውን ቍጥር 10 የሰቀለ ሰው ግን ብዙም አይታይም፤ እዚያ የተነገረው 70 ዓመት ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ነበር፤ ከቍጥር 5 ጀምሮም ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክሉ፣ ፍሬውንም ብሉ፣ አግቡ፣ ልጆችን ውለዱ፣ ስላላችሁበት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ተስፋው የተሰጠው ከዚህ ትእዛዝ ጋር ነው።

ስለዚህ በወረቀታችሁ ጀርባ "ይህ እስኪሆን ብዬ ያቆምኩት ምንድን ነው?" ብላችሁ ጻፉ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ወረቀቱን የሚጠብቅ ሰው ቋንቋ አይማርም፤ "መጀመሪያ ጉዳዬ ይለቅ" ይላል። አገር ቤት ሆኖ ቪዛ የሚጠብቀው ሙያውን ይተዋል፤ "ልሄድ አይደል" ይላል። ትዳር የምትጠብቀው ደግሞ ቤት አታደራጅም፣ ትምህርቷን አትቀጥልም። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን መርጣችሁ በዚህ ወር ጀምሩ። ልመናው ቢሳካ ያ ሥራ አይባክንም፤ ቢዘገይ ደግሞ ዓመቱ ባዶ አልነበረም። ይህን ምክር ከሌላው ሁሉ አጥብቀን የምንናገረው ኑሮውን ያቆመ ሰው ጥበቃው ሁለት እጥፍ ስለሚረዝምበት ነው።

ሰባተኛው ቀን

የሳኦል ታሪክ (1ኛ ሳሙኤል 13) ትዕግሥት በየትኛው ሰዓት እንደሚሰበር በትክክል ያሳያል። ሳሙኤል የቀጠረው ሰባት ቀን ነበር፤ ሳኦልም ሰባት ቀን ቆየ። ካህኑ ሲዘገይበት ያልተፈቀደለትን መሥዋዕት አቀረበ። አቅርቦ እንደ ጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ ሦስት ምክንያት ሰጠ፦ ሕዝቡ እየተበተነ ነው፤ አንተ በቀጠሮህ አልመጣህም፤ ጠላት ተሰብስቧል። ሦስቱም እውነት ነበሩ። ያሳሳተው ውሸት አልነበረም፤ በድንጋጤ ሰዓት ያያቸው እውነቶች ነበሩ።

እነዚህ ሦስቱ ዛሬም አንድ ላይ ሲመጡ ሰው የማይገባውን በር ያንኳኳል። "ጓደኞቼ ሁሉ አግብተዋል፣ ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል፣ ቤተሰብ ፊት ነሥቶኛል" ያለች እኅት፣ የምታውቀውን ጉድለት ጨፍና ያገኘችውን ለማግባት ትቸኩላለች። ሦስቱን ስትሰሙ በተለይ ተጠንቀቁ።

ለዚህ የሚሆን ልክ በኤርምያስ 42 ላይ አለ። ከኢየሩሳሌም መፍረስ የተረፉት ሰዎች ነቢዩን የእግዚአብሔርን ቃል ጠይቅልን ባሉት ጊዜ መልሱ የመጣው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው፤ ነቢዩ ራሱ ጠብቋል። እናንተም ከልመናችሁ ጋር የተያያዘ ትልቅ ውሳኔ ሲቀርብ፣ ጋብቻም ይሁን አገር መልቀቅ ወይም ቤት መሸጥ፣ ዐሥር ቀን አሳድሩት። በእነዚህ ቀናት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ የማይወዷችሁን ሳይሆን የማያቆላምጧችሁን ሁለት ሰዎች ጠይቁ። ጉዳዩ ዐሥር ቀን የማይሰጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ አሠሪው በሁለት ቀን መልስ ከፈለገ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩትና አንድ ሰው አማክሩ። "አሁኑኑ ካልወሰንክ ያመልጥሃል" የሚል ጥድፊያ ከውጭ ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ወደ ዐረብ አገር ልላክህ ከሚል ደላላ ጋር ሲሆን ይህ በተለይ እውነት ነው።

እግዚአብሔርን "መርዳት"

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። በከነዓን 10 ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ሣራ ልጅ እንዲወልድላት አገልጋይዋን አጋርን ሰጠችው፤ እስማኤል ሲወለድ 86 ሆነው። በዘፍጥረት ቀጥሎ የምናገኘው ዕድሜው 99 ነው፤ ስለ መካከሉ 13 ዓመት ምንም አልተጻፈም። ይስሐቅ የተወለደው በ100 ዓመቱ ነው። የሣራ ሐሳብ በዘመኑ ልማድ የተለመደ መፍትሔ እንደ ነበረ ልብ በሉ፤ አቋራጭ ሁልጊዜ ኃጢአት መስሎ አይመጣም።

መስሎም የሚመጣ አለ። ጠንቋይ ቤት መሄድ፣ ክታብ ማሠራት፣ "መፍትሔ" እየተባለ የሚሰጥ ሥር መያዝ ከእግዚአብሔር ደጅ ተነሥቶ ሌላ ደጅ መጥናት ነው፤ አድርጋችሁት ከሆነ ለንስሐ አባት ተናግራችሁ በንስሐ ተላቀቁ። በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ትንቢት እንናገራለን ለሚሉም መለያው ቀላል ነው፦ ቀን ይቆርጡላችኋል፣ ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ ከቤተሰብ ወይም ከንስሐ አባት እንድትደብቁ ያዝዛሉ። ከሦስቱ አንዱ ካለ አትመለሱ።

ስለት ሌላ ነው፤ የተባረከ ልማድ ነው። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ ምስክር ነው። የሚበላሸው እንደ ዋጋ ሲታሰብ ነው፤ "ይህን ካደረግህልኝ ይህን እከፍላለሁ፣ መጠኑን ካሳደግሁ ይፈጥናል" ሲባል። ስለታችሁ በአቅማችሁ ልክ ይሁን፤ ሻማ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ። መክብብ 5 ተስሎ ካለመስጠት አለመሳል ይሻላል ይላል። ተበድሮ የሚከፈል ስለት ቤት ያናጋል።

ሱባኤ ስትገቡ

አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ከአንድ አይለፍ፤ ከሁሉ የሚመቸውም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ማኅበረ ምእመናን ሁሉ በሚጾምበት በፍልሰታ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጨርሱ፦ ንስሐ አባታችሁን ፈቃድ ጠይቁ፣ የተጣላችሁትን ሰው ታረቁ (ማቴዎስ 5፥23–24)፣ የቤትና የሥራ ጉዳይ አደራ ስጡ። የሚጾምበትን ሰዓትና የምግቡን ዓይነት አባታችሁ ይወስኑ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሕመሙን ሳይደብቅ ይንገራቸው፤ ያለ ምግብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊወድቅ ይችላል፤ ሱባኤውም ይፈርሳል።

በሱባኤ የሚሳሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕልም ይሳሳታል። ሲራብና ሲደክም ሰው ብዙ ሕልም ያያል፤ የሚመኘውንም ያያል። ያያችሁትን ለሰው ሳታወሩ ለንስሐ አባታችሁ ብቻ ተናገሩ፤ በሕልም ብቻ ተመሥርታችሁ "እገሌ ባሌ ነው" ብላችሁ አትወስኑ። ሱባኤው ሲያልቅ ደግሞ መልስ ካልመጣ አትደንግጡ። ዳንኤል (ምዕራፍ 10) ሦስት ሳምንት አዝኖ ጾሞ ሳለ የመጣው መልአክ፣ ልመናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሰምቶ እንደ ነበር ነግሮታል። በስምንተኛው ቀን ወደ ዕለት ሥርዓታችሁ ተመለሱ፤ ወዲያው ሌላ ሱባኤ አትደራርቡ።

ዘመድ ሲጠይቅ

በሰርግ፣ በልደት፣ በመስቀል ደመራ የሚቀርበው ጥያቄ ከጥበቃው ይልቅ ያማል። አስቀድማችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር አዘጋጁ፤ በሰዓቱ የሚፈለግ ቃል ሁልጊዜ ወይ ስለታም ወይ እንባ ነው። አክስት "ምነው ልጄ፣ አንቺስ መቼ ነው?" ሲሉ "ጸሎትዎ ይርዳኝ እትዬ፤ ሲሳካ ቀድመው የሚሰሙት እርስዎ ነዎት" ብሎ እጅ ስሞ መቀመጥ ይበቃል። ማብራሪያ አትጀምሩ። የሌላው ደስታ ከከበዳችሁ ሥርዓቱ ላይ ተገኙ፤ እስከ መጨረሻው መቆየት ግን ግዴታ አይደለም። ያን ዕለት ማታ መዝሙር 36ን ድገሙ፤ ለሙሽሮቹም በስማቸው ጸልዩላቸው። ቅናት ስሙን እየጠሩ በሚጸልዩለት ሰው ላይ ለመቆየት ይቸገራል።

በዓመት ሦስት ጊዜ መመርመር

ወረቀቱን በየቀኑ አትዩት። የጾም ወቅቶች የተዘጋጁ ማቆሚያዎች ናቸው፦ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት፣ ዐቢይ ጾም እና ፍልሰታ። ጾመ ሐዋርያት ለፍልሰታ ስለሚቀርብ ለብቻው አያስፈልግም። ከሦስቱ ጾመ ነቢያት ለጥበቃ ትምህርት የተለየ ነው። ቤተ ክርስቲያን በ5500 ዘመን የጌታን መምጣት የጠበቁትን አበው የምታስበው፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ በተባሉት እሑዶችም የናፍቆታቸውን ቃል የምታሰማው በዚህ ጊዜ ነው። በእነዚያ እሑዶች ቅዳሴ አትቅሩ።

ስትመረምሩ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አራት ጥያቄ አንሡ። የእኔ ሥራ የሚለው ክፍል ተሠርቷል? ካልተሠራ ዘገየ የምንለው እኛን ነው። ልመናው ራሱ ተለውጧል? ያልታረቅሁት ሰው፣ ያልተናዘዝሁት ነገር አለ? በዚህ ጊዜ ውስጥ ያላስተዋልሁት መልስ መጥቷል? ለአራተኛው ጥያቄ በቂ ጊዜ ስጡት። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ሕልም አይቶ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ነው፤ በግዞት ቤት ያገኘው የመጠጥ አሳላፊዎች አለቃም ሁለት ዓመት ረስቶታል። ከመንገዱ አንድ ቀን ብቻ ተነጥሎ ቢታይ መልሱ እየተሠራ መሆኑ አይታይም ነበር።

መዘግየቱ የኃጢአታችሁ ቅጣት ነው ብላችሁ ወዲያው አትደምድሙ፤ ማንም እንዲደመድምባችሁም አትፍቀዱ። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን ነበሩ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ነው ልጅ እንዳልነበራቸው የተነገረው (ሉቃስ 1፥6–7)።

ደግሞም እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘና ይህ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሞትን መመኘት ካለ አንድም ቀን አታሳድሩት። ድብርት ሕመም ነው፤ የእምነት ማነስ ተብሎ አይገሠጽም።

መልሱ ሲመጣ፣ ወይም "አይሆንም" ሲሆን

ሐና በሴሎ ጸልያ ስትነሣ ገና አልፀነሰችም፤ ግን በላች፣ ፊቷም ከዚያ በኋላ አላዘነም (1ኛ ሳሙኤል 1፥18)። ሳሙኤልን ጡት ካስጣለች በኋላ ወስዳ ሰጠችው፤ ስእለቷን አላዘገየችም። ልመናችሁ ሲሳካ በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሴ አስቀድሱ፣ ስለታችሁን አግቡ፣ ሲጸልዩላችሁ ለነበሩት ራሳችሁ ንገሯቸው። የዕለት ሥርዓታችሁን ግን አትንኩት። ከሥርዓቱ የሚወጡት ብዙዎች በጥበቃው ወራት የጸኑት፣ መልሱ ከመጣ በኋላ የተዘናጉት ናቸው።

አንዳንዱ ልመና አይሆንም ይባላል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣለትም፤ "ጸጋዬ ይበቃሃል" ተባለ (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። በር መዘጋቱ በግልጽ ከታወቀ፣ ለምሳሌ ያሰባችሁት ሰው ካገባ ወይም ሐኪም የመጨረሻውን ከተናገረ፣ ለማዘን ጊዜ ውሰዱ። ለ40 ቀን አዲስ ልመና አትጀምሩ፤ ጠዋትና ማታ ያለውን ሥርዓት ብቻ ያዙ፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኙ። ከዚያ አዲስ ወረቀት አውጡ፤ በመጀመሪያው ክፍል የሚጻፈውን ከእርሳቸው ጋር ሆናችሁ ጻፉት።